የምትሃተኛው ምንጣፍ ፊዚክስ

መግቢያ

ምትሃት ሲባል በአብዛኞቻችን ሐሳብ ቀድሞ የሚመጣው ሰፊ መድረክ፣ ደማቅ መብራትና ባዶ ከመሰለ ሳጥን ውስጥ ብር ብላ የምትወጣ እርግብ ናት። ይሁን እንጂ ይህ የመዝናኛ ጥበብ ሌላም ዘርፍ አለው። ይኸውም ተመልካቹ ከምትሃተኛው በክንድ ርቀት ተቀምጦ፣ በአንድ ትንሽ ጠረጴዛ ላይ፣ በሳንቲም፣ በመጫወቻ ካርታና በትናንሽ ኳሶች የሚከናወነውን የእጅ ቅልጥፍና የሚመለከትበት ነው። በዚህ ጽሑፍ ይህን ዘርፍ "የቅርብ ምትሃት" ብለን እንጠራዋለን። በሃያኛው ክፍለ ዘመን በዚህ ዘርፍ ስማቸው በቀዳሚነት ከሚነሱት አንዱ እ.ኤ.አ. በ1894 በካናዳ ኦታዋ ከተማ ተወልዶ በ1992 ያረፈው ዳይ ቨርነን ነው። የሙያ ባልደረቦቹ "ፕሮፌሰሩ" ይሉት ነበር።

የቅርብ ምትሃተኛ ከሚጠቀምባቸው ዕቃዎች ሁሉ ተመልካች ልብ የማይለው አንድ ነገር ቢኖር በጠረጴዛው ላይ የሚነጠፈው ትንሽ ምንጣፍ ነው። ብዙውን ጊዜ ርዝመቱ 40፣ ወርዱ 28 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከላይ ጨርቅ፣ ከሥሩ ደግሞ ስፖንጅነት ያለው ላስቲክ ነው። ለባለሙያዎች ተሠርቶ የሚሸጠውን ከውጭ ማስመጣት የተማሪን ኪስ ይጎዳል። ሆኖም የምንጣፉ ምስጢር በዋጋው ላይ ሳይሆን በሦስት አካላዊ ባሕርያቱ ላይ ነው። እነዚህም ተጨምቆ የመመለስ ባሕርይ፣ ሰበቃና ድምፅን የመዋጥ ችሎታ ናቸው። ሦስቱንም በቤት ውስጥ መመርመር ይቻላል። መርምሮ የሚመርጥ ሰው ከልብስ ሰፊ ቤት ቁርጥራጭና ከአሮጌ ካላማዳሪያ ደህና ምንጣፍ ሊሠራ ይችላል።

የፊዚክስና የምትሃት ዝምድና አዲስ አይደለም። ፈረንሳዊው ዣን ኡዤን ሮቤር ኡዳን እ.ኤ.አ. በ1856 በመንግሥቱ ተልኮ ወደ አልጄሪያ በሄደ ጊዜ ካሳያቸው ትርኢቶች አንዱ ቀላልም ከባድም የምትሆን ሳጥን ነበረች። ሳጥኗን አንድ ሕፃን ያነሳታል፤ ጥቂት ቆይቶ ግን ጉልበተኛ ጎልማሳ ሊያንቀሳቅሳት አይችልም። ምስጢሩ ከሥሯ የተደበቀ ኤሌክትሮማግኔት ነበር። ሮቤር ኡዳን ፊዚክስን ለመደበቅ ተጠቀመበት፤ እኛ በዚህ ጽሑፍ ምንጣፉን የምንጠቀምበት ፊዚክስን ለመግለጥ ነው።

ይህን ርእስ የመረጥንበት ምክንያት ምትሃትን ለማስተማር ብቻ አይደለም። ሰበቃ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚሰጥ ትምህርት ነው። ቀመሩን በቃሉ የሚያነበንብ ተማሪ ብዙ ነው፤ ሰበቃን በገዛ እጁ ለክቶ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ለዚህም ዘወትር የሚሰጠው ምክንያት የቤተ ሙከራ ዕቃ እጥረት ነው። እጥረቱ መኖሩን አንክድም። ነገር ግን መለካት ዕቃ ከመግዛት በፊት የሚጀምር ልማድ መሆኑን ማሳየት እንፈልጋለን።

የመጀመሪያው ሥራ፦ ሳንቲምን ከገበታ ላይ ማንሳት

አንድ ሳንቲም በመስታወት ላይ አስቀምጡና በሁለት ጣት ብቻ ለማንሳት ሞክሩ። ጣት ከሳንቲሙ ሥር የሚገባበት ክፍተት ስለማያገኝ በጥፍር መቧጠጥ ወይም ሳንቲሙን እስከ ጠረጴዛው ጫፍ መጎተት ግድ ይላል። ለምትሃተኛ ይህ ትልቅ ችግር ነው፤ እጁ ከተንተፋተፈ ምስጢሩ ይጋለጣልና። ሳንቲሙ በምንጣፍ ላይ ሲሆን ግን አንዱን ጠርዝ በጣት ጫን ማድረግ ብቻ ይበቃል። የተጫነው ጠርዝ ይሰምጣል፤ ተቃራኒው ጠርዝ ከፍ ይልና ለሌላው ጣት መግቢያ ይሰጣል።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? ሳንቲሙን እንደ ግትር ክብ ሰሌዳ፣ ምንጣፉን ደግሞ ጎን ለጎን እንደ ቆሙ እጅግ ብዙ ትናንሽ ሞላዎች አድርገን እናስብ። ጣታችን የሳንቲሙን መሃል ቢጫን ሁሉም ሞላዎች እኩል ይጨመቃሉ። ጣታችን ከመሃል እየራቀ ሲሄድ በእርሱ በኩል ያሉት ይበልጥ፣ በተቃራኒው በኩል ያሉት ደግሞ ባነሰ መጠን ይጨመቃሉ። የኃይሎችንና የቶርኮችን ሚዛን ስናሰላ፣ ጣታችን ከመሃል የሬዲየሱን አንድ አራተኛ ያህል በራቀ ጊዜ በተቃራኒው ጠርዝ ያለው ሞላ ጨርሶ የማይጨመቅ ሆኖ እናገኘዋለን። ጣታችን ከዚያ ባለፈ ቁጥር ያ ጠርዝ ከምንጣፉ መነሳት ይጀምራል። በዚህ ስሌት የሳንቲሙን ክብደት ከጣት ግፊት አንፃር ኢምንት ነው ብለን ትተነዋል።

ለምሳሌ ዲያሜትሩ 24 ሚሊ ሜትር ለሆነ ሳንቲም ሬዲየሱ 12 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ ወሳኙ ርቀት ከመሃል 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የተጫነው ጠርዝ 2 ሚሊ ሜትር ቢሰምጥና ተቃራኒው ጠርዝ በቦታው ቢቆይ፣ የሳንቲሙ ዝንባሌ ታንጀንት 2 ሲካፈል ለ24 ነው፤ ይህም 5 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ሕጉ ለመስታወትም ይሠራል። ልዩነቱ የመስታወቱ ሞላዎች እጅግ ጠንካራ በመሆናቸው ስምጠቱ በዓይን የማይታይ፣ ለጣትም የማይጠቅም መሆኑ ነው።

የሲቪል ምሕንድስና ተማሪዎች ይህን ስሌት ሳያውቁት አይቀሩም። መሐንዲሱ የሕንፃው መሠረት በአንድ በኩል ከአፈሩ እንዳይነሳ ጭነቱ ከዚህ ወሰን እንዳያልፍ ይጠነቀቃል። መሐንዲሱ እንዳይነሳ የሚጠነቀቅለትን ጠርዝ ምትሃተኛው እንዲነሳለት ይፈልጋል፤ ሁለቱም የሚመሩት ግን በአንድ ሕግ ነው።

ሁለተኛው ሥራ፦ ልክ ያለው ሰበቃ

ምትሃተኛ አንድ ሙሉ ካርታ በምንጣፍ ላይ አስቀምጦ በአንድ የእጅ እንቅስቃሴ እንደ ሪባን ሲዘረጋው አይታችሁ ይሆናል። በተወለወለ ጠረጴዛ ላይ ይህን ብትሞክሩ ካርታው ሳይዘረጋ በጥቅሉ ሊንሸራተት ይችላል። ምክንያቱን ለመረዳት ከሁሉ በታች ያለውን አንድ ካርታ ብቻ እንመልከት። በላዩ ያለው ካርታ ወደ ጎን ይጎትተዋል። ይህ የመጎተት ኃይል ቢበዛ በካርታና በካርታ መካከል ያለው የሰበቃ ኮኤፊሸንት ከላይ በሚመጣው ግፊት ሲባዛ የሚገኘው ነው። ከሥር ያለው ጨርቅ ደግሞ ይዞ ያስቀረዋል። የመያዝ ኃይሉ ወሰን በካርታና በጨርቅ መካከል ያለው ኮኤፊሸንት በዚያው ግፊት ተባዝቶ የሚገኘው ነው፤ የአንዱ ካርታ ክብደት 2 ግራም እንኳ ስለማይሞላ በግፊቱ ላይ የሚጨምረው ነገር የለም ማለት ይቻላል።

እንግዲህ ካርታው እንዲዘረጋ የጨርቁ ኮኤፊሸንት ከካርታ ለካርታ ኮኤፊሸንት መብለጥ አለበት። በሌላ በኩል እጅግ በልጦ ከተገኘ ሳንቲምን በምንጣፉ ላይ ማንሸራተት ያስቸግራል፤ የካርታም ጠርዝ በጨርቁ እየተያዘ ይታጠፋል። ስለዚህ የምንፈልገው ትልቅ ሰበቃ ወይም ትንሽ ሰበቃ ሳይሆን በሁለት ወሰኖች መካከል ያለ ሰበቃ ነው።

የሰበቃ ሕጎች የሚባሉትን ፈረንሳዊው ጊዮም አሞንቶን እ.ኤ.አ. በ1699 አቀረባቸው፤ ሻርል ኩሎም ደግሞ በ1785 ባሳተመው ጥናት አስፋፋቸው። ከሁለቱም በፊት ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ተመሳሳይ ሐሳብ በማስታወሻ ደብተሮቹ ጽፎ ነበር። በእነዚህ ሕጎች መሠረት የሰበቃ ኃይል ከግፊቱ ጋር በቀጥታ ይመጣጠናል። ለጨርቅና ለቃጫ ግን ሕጉ በትክክል አይሠራም። በጭረት የተሞላ ለስላሳ ገጽ ግፊቱ ሲጨምር ሰበቃውም ይጨምራል፤ የሚጨምረው ግን ከግፊቱ በዘገየ ሁኔታ ነው። በዚህም ምክንያት በአንድ ነጠላ ካርታ የተለካው ኮኤፊሸንት ክብደት ተጭኖበት ከሚለካው ይበልጣል። በመማሪያ መጽሐፍ ያለው ሕግ የት ላይ እንደሚያበቃ በገዛ እጅ ማየት ከሚቻልባቸው ቀላል ሙከራዎች አንዱ ይህ ነው።

ሦስተኛው ሥራ፦ ድምፅን መዋጥ

ተመልካች አንድ ብቻ ነው ብሎ በሚያስበው ሳንቲም ሥር ሁለተኛ ሳንቲም ተደብቆ ከሆነ፣ አንዲት "ቂል" የምትል ድምፅ ትርኢቱን ሁሉ ታበላሻለች። ምንጣፍ ይህን ድምፅ የሚያጠፋው በምን መንገድ ነው?

ሳንቲም ከ2 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ቢወድቅ ገጹን ሲነካ ፍጥነቱ በሴኮንድ 0.63 ሜትር ያህል ይሆናል። ይህን ፍጥነት ወደ ዜሮ የሚያወርደው አማካይ ፍሬን ከወደቀበት ከፍታና ከሚቆምበት ርቀት ንጽጽር ይገኛል። ምንጣፉ 2 ሚሊ ሜትር ቢሰምጥለት ንጽጽሩ 20 ሲካፈል ለ2፣ ማለትም የምድር ስበት ፍጥንጥነት 10 እጥፍ ነው። ጠንካራ ጠረጴዛ 0.02 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢሰምጥለት ግን 1000 እጥፍ ይሆናል። እንግዲህ የምቱ ኃይል በመቶ እጥፍ ይለያያል ማለት ነው።

ከኃይሉ ይልቅ ደግሞ የምቱ ርዝመት የበለጠ ይናገራል። ከላይ ባሉት ቁጥሮች መሠረት ሳንቲሙ በምንጣፉ ላይ እስኪቆም ድረስ 6 ሚሊ ሴኮንድ ያህል፣ በጠረጴዛው ላይ ደግሞ 0.06 ሚሊ ሴኮንድ ያህል ይፈጃል። ይህን የሚያህል የብረት ሳንቲም ሲመታ በሴኮንድ ወደ 10 ሺህ ጊዜ ገደማ ይርገበገባል፤ የአንዱ እርግብግቢት ጊዜ 0.1 ሚሊ ሴኮንድ ነው። ከአንድ እርግብግቢት ያጠረ ምት ሳንቲሙን እንደ ደወል ያስጮኸዋል። ስልሳ እርግብግቢት የሚያህል ጊዜ የሚፈጅ ምት ግን ቀስ ብሎ እንደ መግፋት ስለሚቆጠር ሳንቲሙ ሳይጮህ ያርፋል። ምንጣፉ ድምፁን የሚያፍነው ከተፈጠረ በኋላ ይዞ አይደለም፤ መጀመሪያውኑ እንዳይፈጠር በማድረግ ነው።

ስለ ቀለምና ስለ ብርሃን

ይህን ክፍል ባጭሩ እናልፈዋለን። የሚያብለጨልጭ ጨርቅ ብርሃንን በአንድ አቅጣጫ ስለሚመልስ የተመልካችን ዓይን ይወጋል። ደብዛዛና ጠጉራም ጨርቅ ግን ብርሃኑን በሁሉም አቅጣጫ ይበትነዋል። ጥቁር ከፋይ በጠጉሮቹ መካከል ብርሃንን እያመላለሰ ስለሚውጥ ጥላን ይሰውራል። ይሁንና በላዩ ያረፈ ነጭ ክርና አቧራ ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ጥቁር ሰማያዊ፣ ጥቁር አረንጓዴና የወይን ጠጅ ቀለም ከብር መልክ ካለው ሳንቲምም ከነጭ ካርታም ጋር ደህና ተቃርኖ ይሰጣሉ።

በበጋ አየሩ ሲደርቅ ሰው ሠራሽ ጨርቅ ከፕላስቲክ ካርታ ጋር ሲፋተግ የኤሌክትሪክ ሙል ስለሚፈጥር ካርታው ይጣበቃል። ሱፍና ጥጥ ከአየር እርጥበት ስለሚስቡ በዚህ ረገድ ይሻላሉ።

ቁሳቁስ

ምንጣፉ ሦስት ንጣፎች አሉት።

የላይኛው ንጣፍ፦ ከልብስ ሰፊዎች የሚገኝ የከፋይ ወይም የሱፍ ጨርቅ ቁራጭ፣ ያረጀ ካፖርት ወይም ያረጀ ባርኖስ። የሚለጠጥ ጨርቅ ሲለጠፍ ስለሚጨማደድ አይመረጥም። ክሩ የሳሳ እንደ ጋቢ ያለ ሽመናም የሳንቲምን ጠርዝ ስለሚይዝ አይሆንም።

የመካከለኛው ንጣፍ፦ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ስፖንጅነት ያለው ላስቲክ። በፋብሪካ በተሠሩት ምንጣፎች ዘንድ የተለመደው ኒዮፕሪን ሲሆን፣ ይህ ሰው ሠራሽ ጎማ በአሜሪካው የዱፖን ኩባንያ ቤተ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ1930 የተገኘ ነው። እኛ ዘንድ ግን ጫማ ሠሪዎች ለሶል የሚጠቀሙበት ስስ ስፖንጅ፣ የስፖርት መሥሪያ ምንጣፍ ወይም ያረጀ የማውዝ ፓድ ይተካዋል።

የታችኛው ንጣፍ፦ ምንጣፉ በጠረጴዛው ላይ እንዳይሸሽ የሚይዝ ጎማ። የመኪና ጎማ ጠጋኞች የሚጥሉት ካላማዳሪያ ታጥቦ ሲደርቅ ከዚህ የተሻለ ነገር የለም ለማለት ይቻላል።

ለዕቃ ማሸጊያ የሚመጣው ነጭና ፍርፍር ፎም አይሆንም፤ ይሰባበራል፤ ማስቲሽ ሲነካውም ይቀልጣል።

ከመለጠፍ በፊት መለካት

ሙከራ 1፦ የሰበቃ ኮኤፊሸንት። ጨርቁን በአንድ የኮምፖርሳቶ ቁራጭ ላይ በፕላስተር ወጥራችሁ ለጥፉ። አንድ ካርታ በላዩ አስቀምጡና የሰሌዳውን አንድ ጫፍ በዝግታ ከፍ አድርጉ። ካርታው መንሸራተት በጀመረበት ቅጽበት ቆም ብላችሁ የጫፉን ከፍታና አግድም ርቀቱን በማስመሪያ ለኩ። ከፍታው ለአግድም ርቀቱ ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ራሱ ኮኤፊሸንቱ ነው፤ የካርታው ክብደት በስሌቱ ውስጥ ስለሚጠፋፋ ሚዛን አያስፈልግም። ለምሳሌ አግድም ርቀቱ 30 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፦

ከፍታ 6 ሳ.ሜ. — ኮኤፊሸንት 0.20 — አንግል 11 ዲግሪ
ከፍታ 9 ሳ.ሜ. — ኮኤፊሸንት 0.30 — አንግል 17 ዲግሪ
ከፍታ 12 ሳ.ሜ. — ኮኤፊሸንት 0.40 — አንግል 22 ዲግሪ
ከፍታ 15 ሳ.ሜ. — ኮኤፊሸንት 0.50 — አንግል 27 ዲግሪ
ከፍታ 18 ሳ.ሜ. — ኮኤፊሸንት 0.60 — አንግል 31 ዲግሪ

ከዚያም በጨርቁ ፈንታ ሌላ ካርታ በሰሌዳው ላይ ለጥፋችሁ የካርታ ለካርታ ኮኤፊሸንቱን ለኩ። እያንዳንዱን ልኬት አሥር ጊዜ ደጋግሙ፤ አማካዩን፣ እንዲሁም ትልቁንና ትንሹን ውጤት መዝግቡ። የሁለት ጨርቆች አማካይ ልዩነት አሥሩ ውጤቶች እርስ በርስ ከሚለያዩበት መጠን ካነሰ፣ ሙከራው ጨርቆቹን አልለየም ማለት እንጂ አንዱ በለጠ ማለት አይቻልም። ከፋይ ጠጉሩ የተኛበት አቅጣጫ ስላለው በአራቱም አቅጣጫ እያዞራችሁ ለኩ። የካርታ መዘርጊያው አቅጣጫ ሰበቃው በርከት በሚልበት በኩል ይሁን።

ሙከራ 2፦ የስፖንጁ ጥንካሬ። የአንድ ሚሊ ሜትር ስምጠትን በማስመሪያ መለካት አስቸጋሪ ነው። ነገር ግን የተሻለ መለኪያ በእጃችሁ አለ፤ እርሱም የመጫወቻው ካርታ ራሱ ነው። ሃምሳ ሁለቱን ካርታዎች አንድ ላይ አድርጋችሁ ውፍረታቸውን ለኩ። 16 ሚሊ ሜትር ቢሆን የአንዱ ውፍረት 0.3 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። አሁን በስፖንጁ ላይ ሁለት ሁለት እየተደራረቡ ሦስት የሳንቲም ምሰሶዎችን በሦስት ማዕዘን ቅርጽ አቁሙ። በላያቸው ቀለል ያለ የኮምፖርሳቶ ቁራጭ አስቀምጡና በሰሌዳውና በስፖንጁ መካከል ስንት ካርታ ሳይጨነቅ እንደሚገባ ቁጠሩ። ቀጥሎ ባለ አንድ ሊትር ሦስት የውኃ ጠርሙሶችን በሰሌዳው መሃል አቁሙና እንደገና ቁጠሩ። የሁለቱ ቁጥሮች ልዩነት በ0.3 ሚሊ ሜትር ሲባዛ ስምጠቱ ይገኛል።

በዚህ አሠራር እያንዳንዱ ምሰሶ 1 ኪሎ ግራም ያህል ይሸከማል። የሳንቲሙ ዲያሜትር 24 ሚሊ ሜትር ቢሆን ግፊቱ ወደ 22 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው። ስምጠቱ ከስፖንጁ ውፍረት ሩብ አካባቢ ቢሆን ደህና ነው። ከግማሽ በላይ ከሆነ ስፖንጁ በጣም ለስላሳ ነው፤ ሳንቲሙ እስከ ሥሩ ስለሚሰምጥ የሚመልሰው ሞላ አይኖርም። ለፍራሽ የሚያገለግለው ለስላሳ ስፖንጅ በዚህ ፈተና ይወድቃል። አንዳችም ስምጠት ካልታየ ደግሞ ከጠረጴዛው የተለየ ጥቅም አይሰጥም።

አሠራር

1. ስፖንጁንም ጨርቁንም ካላማዳሪያውንም ከሚፈለገው ስፋት በየጎኑ 2 ሳንቲ ሜትር አብልጣችሁ ቁረጡ። ካላማዳሪያው በተፈጥሮው የተጠማዘዘ ስለሆነ አስቀድሞ በከባድ መጻሕፍት ሥር አንድ ቀን ይተኛ።

2. ጨርቁን በውኃ አጥባችሁ አድርቁ፤ ከተለጠፈ በኋላ እንዳይሸበሸብ ይረዳል። ከደረቀ በኋላ ተኩሱት።

3. ማስቲሽ በስፖንጁና በጨርቁ ጀርባ ላይ እጅግ ስስ አድርጋችሁ በካርቶን ቁራጭ ቀቡ። ወፍራም ማጣበቂያ ወደ ስፖንጁ ገብቶ ሲደርቅ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል፤ ለፍታችሁ የመረጣችሁትን ሞላ ወደ ድንጋይ ይለውጠዋል።

4. ማስቲሹ በጣት ሲነካ የማይጣበቅ እስኪሆን ድረስ ጠብቁ። ከዚያም ጨርቁን ከአንድ ጫፍ እየጀመራችሁ ሳትወጥሩ አስተኙትና በጠርሙስ ዳምጡት። ተወጥሮ የተለጠፈ ጨርቅ በኋላ ሲሰበሰብ የምንጣፉን ጫፎች ወደ ላይ ይቀለብሳል።

5. ካላማዳሪያውን በዚሁ መንገድ ከሥር ለጥፉ። ሁሉንም ከክብደት ሥር አንድ ሙሉ ቀን አቆዩት።

6. የብረት ማስመሪያ አስደግፋችሁ በአዲስ የካተር ምላጭ ጠርዞቹን አስተካክሉ። በአንድ ጊዜ ለመቁረጥ አትሞክሩ፤ ሦስት አራት ጊዜ በቀላሉ መመላለስ ጠርዙን ንጹሕ ያደርገዋል።

ማስጠንቀቂያ፦ የማስቲሽ ትነት በቀላሉ በእሳት ይያያዛል፤ ሲተነፍሱትም አንጎልን ይጎዳል። ስለዚህ ሥራው በደጅ ወይም መስኮቱ በተከፈተ ክፍል፣ ከእሳትና ከሲጋራ ርቆ ይሠራ። ቆርቆሮው ሥራው እንዳለቀ ይከደን፤ ሕፃናት በማይደርሱበትም ይቀመጥ።

የተሠራውን መፈተሽ

የተጠናቀቀው ምንጣፍ አራት ፈተናዎችን ይለፍ። አንደኛ፣ አንድ ሳንቲም ጠርዙን በመጫን ብቻ ሳይቧጠጥ ይነሳ። ሁለተኛ፣ ካርታው ሲዘረጋ የታችኛው ካርታ ከቦታው አይነቃነቅ። ሦስተኛ፣ ከ2 ሳንቲ ሜትር ከፍታ የተለቀቀ ሳንቲም ድምፁ በክንድ ርቀት ለተቀመጠ ጓደኛችሁ አይሰማ፤ ጓደኛችሁ ዓይኑን ጨፍኖ ሳንቲሙ የወደቀበትን ጊዜ ይናገር። አራተኛ፣ የሳንቲም ቁልል አንድ ሌሊት በላዩ ቢያድር በማግሥቱ ጠባሳው በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ይጥፋ። ጠባሳው ካልጠፋ ስፖንጁ መመለስ እያቃተው ነው፤ ምንጣፉም ብዙ አያገለግልም።

ለአንባቢያን የቀረቡ ጥያቄዎች

ሀ. ግትር አራት ማዕዘን ሰሌዳ በሞላዎች ላይ ቢቀመጥ፣ ተቃራኒው ጠርዝ መነሳት የሚጀምረው ጣት ከመሃል የርዝመቱን አንድ ስድስተኛ ሲርቅ መሆኑን አሳዩ።

ለ. ሙከራ 1ን በካርታው ላይ አንድ፣ ሦስትና አምስት ሳንቲሞችን ለጥፋችሁ ድገሙት። ኮኤፊሸንቱ ይቀንሳልን? ውጤታችሁን ከአሞንቶን ሕግ ጋር አነጻጽሩ።

ሐ. የስፖንጁ ውፍረት እጥፍ ቢደረግ በተመሳሳይ ግፊት ስምጠቱ ምን ያህል ይሆናል? ግምታችሁን በሙከራ 2 አረጋግጡ።

መደምደሚያ

የእጅ ቅልጥፍና እንደ ማንኛውም ችሎታ ለበጎም ለክፉም ይውላል። በገበያ መሃል ሦስት ካርታ እያገለባበጠ የመንገደኛን ገንዘብ የሚነጥቀውና ሰውን አስደንቆ የሚያስቀው የሚጠቀሙት በአንድ ዓይነት ጣት ነው። ልዩነቱ ተመልካቹ ሲሄድ ይዞት በሚሄደው ነገር ላይ ነው፤ አንዱ ኪሱን ባዶ ያደርገዋል፤ ሌላው ጥያቄ ያስይዘዋል። ተመልካች በተማሪ እጅ በተሠራ ምንጣፍ ላይ ሳንቲም ሲሰወር አይቶ "እንዴት?" ብሎ ቢጠይቅ፣ ተማሪው የትርኢቱን ምስጢር የመጠበቅ መብት አለው። ስለ ምንጣፉ ግን ምንም የሚደብቀው የለም። የሰበቃውን ኮኤፊሸንት፣ የስፖንጁን ስምጠትና የምቱን ርዝመት ከነቁጥሩና ከነስሕተት ወሰኑ ሊናገር ይችላል።

በየትምህርት ቤቱ ያላችሁ መምህራንና የሳይንስ ክበብ አባላት ይህን ሥራ እንደ አንድ የጋራ ሙከራ እንድትይዙት እናሳስባለን። አንድ ክፍል አሥር ዓይነት ቁርጥራጭ ሰብስቦ ቢለካና ውጤቱን በግድግዳ ላይ ቢለጥፍ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ክፍል ከዚያ ይጀምራል። ቤተ ሙከራውም የሚጀመረው እንዲህ ባለ አንድ የተለጠፈ ወረቀት ነው።